ይቺ ዋና ጠብቃ ነው ላልታ?

«ይቺ ‹ዋና› ጠብቃ ነው የምትነበበው ላልታ?»

ልጅቷ ስልኳን ፍንጭት ከምትባለው የክፍሏ ልጅ አፍንጫ ሥር አምጥታ ነበር የጠየቀችው። ስክሪኑ ላይ የሳጥን ፍለጋ ክበባቸው የዕለቱ ሳጥን ፍንጭ ተጽፏል፦ «ከዋናው ሥር ነኝ። እጅህን ስደድ።»

ፍንጭት መልሱን ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ፍንጩን የጻፈችው ራሷ ናት። ቃሏ ጠብቃ ነው የምትነበበው። ዋና ማለት ዋነኛው፣ ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ባለው የስፖርት ማዕከል ጓሮ የቆመው ትልቁ የውሃ ቫልቭ ነው። ሳጥኗ ከእሱ ሥር በማግኔት ተለጥፋለች። ላልታ ከተነበበች ግን ነገሩ ወደ መዋኘት ይዞራል። ማዕከሉ ደግሞ አንድ የመዋኛ ገንዳ አለው፤ ማጣሪያው ተበላሽቶ ከተዘጋ ወዲህ የዝናብ ውሃ አቁሮ አረንጓዴ የለበሰ። አሁን የሚዋኙበት እንቁራሪቶች ብቻ ናቸው።

ከጀርባዋ ሳተላይት ጉሮሮውን ጠረገ።

ሳተላይት የክበቡ አለቃ ነው። ቅጽል ስሙ የወጣለት አዲሱ ስልኩ ከሁሉም ቀድሞ ቦታ ስለሚያገኝለት ነው፤ ራሱም እንደ ስሙ ሁሉን ከላይ ሆኖ ማየት ይወዳል። ከጎኑ ገደል ማሚቶ ቆሟል፤ ሳተላይት ያለውን ሁሉ ደግሞ ከማለት ሌላ ሥራ የሌለው ልጅ። ጠዋት ላይ ሳተላይት ፍንጭትን ጠርቶ፣ ስልክ የሚመራበትን የሳጥኑን የቦታ ቁጥር መጨረሻው ላይ ነካ አድርጎ ወደ ገንዳው እንዳዞረው ነግሯት ነበር።

«አንቺ ምንም አታደርጊም» አላት። «ከጠየቀችሽ ላልታ ነው በያት፤ በቃ። ትንሽ ሙድ እንያዝባት።»

«ሙድ እንያዝባት» አለ ገደል ማሚቶ።

አሁን የጠየቀችው ልጅ ክፍሉ ውስጥ የምትጠራው «ምን አልሽ» እየተባለች ነው። ግራ ጆሮዋ ጨርሶ አይሰማም። በቀኙ ጀርባ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል የመስሚያ መሣሪያ አለቻት፤ በእሷና የሰው ከንፈር በማየት ነው የምትግባባው። ቀኑን ሙሉ «ምን አልሽ? ምን አልክ?» ስለምትል ስሙ ወጣላት። እሷም ስቃ ተቀበለችው። ባትቀበለው ምን ልታደርግ?

አምና ፍንጭትና ምን አልሽ አንድ ዴስክ ላይ ነበር የሚቀመጡት። ሁለቱም ምሳቸውን ብቻቸውን የሚበሉ ስለነበሩ አብረው መብላት ጀመሩ። ከዚያ ፍንጭት ለክበቡ የጻፈቻቸው ፍንጮች ተወደዱ፤ በፊት ጥርሷ ፍንጭት ላይ ይሄ ተጨምሮ ቅጽል ስሟ ጸና። ሳተላይት ወደ ኋላ ወንበር ጠራት፣ ሄደች። ምን አልሽም ቆየት ብላ ክበቡ ውስጥ ተመዘገበች። የተመዘገበችው ለሳጥኑ ፍለጋ ይሁን ለፍንጭት ብላ፣ ፍንጭት ጠይቃት አታውቅም።

«ጠብቃ ነው ላልታ?» አለች ምን አልሽ እንደገና፣ ዓይኗን ከፍንጭት ከንፈር ሳትነቅል።

«ላልታ» አለች ፍንጭት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ምን አልሽ ፈገግ ብላ አመስግና ሄደች።

ጨዋታውን ለፍንጭት ያስተማራት አጎቷ ነው፤ የመሬት ቀያሽ ነው። አንድ ሰው ትንሽ ሳጥን ይደብቃል፤ ያለበትን ቦታ ቁጥር ከአንዲት ፍንጭ ጋር ይለጥፋል፤ ፈላጊው በስልኩ እየተመራ ይመጣል፣ ውስጧ ባለች ወረቀት ላይ ይፈርማል፣ አንድ ዕቃ ወስዶ አንድ ዕቃ ያስቀምጣል፣ ሳጥኗን እንደነበረች ይመልሳል። አጎቷ ይሄን ሲያወራ እንደ ልጅ ነው። «ስልኩ ሰፈሩን ያሳይሻል እንጂ በሩን አያንኳኳልሽም» ይላታል። «ከዚያ በኋላ ዓይን ይቀድማል፣ እጅ ይከተላል። ሰው ከመጣ የጫማሽን ክር እሰሪ። ከወሰድሽው የማያንስ ነገር አስቀምጪ።» ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የሚላት ደግሞ አለ፦ «ፍንጭ ይደብቃል እንጂ አይዋሽም። የዋሸ ደባቂ ዘንድ ሁለተኛ ማንም አይመጣም።»

ከትምህርት በኋላ ሦስቱ ከልብስ መቀየሪያው ግድግዳ ጀርባ ተደበቁ። ሳተላይት ስልኩን ለቀረጻ አዘጋጅቷል።

ምን አልሽ መጣች። ስልኳን እያየች ቀስ ብላ ተራመደች፤ ቁጥሩ ገንዳው ጠርዝ ላይ ሲያደርሳት ቆመች። አንድ ሰው በአጥሩ በኩል ሲያልፍ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር አሰረች። ያንን ዘዴ አምና ያሳየቻት ፍንጭት ናት። ምን አልሽ ቦርሳዋንና ስልኳን አስቀመጠች፣ በዓይኗ ፈለገች፣ ከዚያ በሆዷ ተኝታ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ከጠርዙ ሥር ወደ ውሃው ሰደደች።

«ትንሽ ጠጋ በይ፣ የኔ ቆንጆ» አለ ሳተላይት በሹክሹክታ።

«ጠጋ በይ» አለ ገደል ማሚቶ።

ጠጋ አለች። ጠርዙ የድንጋይ ሽበት አብቅሏል፣ ያሟልጫል። በጭንቅላቷ ገባች።

ጥልቅ አልነበረም፤ ስትቆም ውሃው ደረቷ ላይ ነው። ፀጉሯ ላይ አረንጓዴ ተንጠልጥሎ፣ አፏን ከፍታ፣ ዓይኗን እያሸች ቆመች። ገደል ማሚቶ መሬት ላይ ተንከባለለ። ሳተላይት ካሜራው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ፍንጭትም ሳቀች። ደስ ብሏት አልነበረም የሳቀችው፤ ግን ሳቅ ነው፣ ቪዲዮው ላይም ይሰማል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ ሁሉ ሲሰማ አንድ ያልሰማችው እሷ ብቻ ነበረች።

ከዚያ ምን አልሽ እጇን ወደ ቀኝ ጆሮዋ ላከች። ዳበሰች። እንደገና ዳበሰች። ፊቷ ተለወጠ። ውሃውን በሁለት እጇ መግፋት፣ ጎንበስ እያለች መጥለቅ፣ በጭቃ የተሞላ እጅ ይዛ መውጣት ጀመረች።

«ምንድን ነው የምትፈልገው?» አለች ፍንጭት፣ እያወቀች።

«ሳጥኑን ነዋ!» አለ ሳተላይት፤ እንደገና ሳቁ። ማንም ከግድግዳው ጀርባ አልወጣም።

ማታ አጎቷ ለራት መጣ። ቅዳሜ የክበቡን የዓመቱን ምርጥ ደባቂ የሚመርጠው እሱ ስለሆነ ሳጥኖቹን በስልኩ ያያል።

«የዋናዋ ፍንጭ አሪፍ ናት» አለ እጁን እየታጠበ። «ሁለት ፊት ያላት ቃል መርጠሻል። ግን ቁጥሯ ተዛብቷል፤ ገንዳው ጋ ነው የሚጥለው። እዚያ ቆሞ አላልቶ ያነበበ ሰው አለቀለት! ነገ ቶሎ አስተካክይው።»

«እሺ» አለች።

«ምነው አትበዪም?» አለች እናቷ።

«ጠግቤ ነው።» ሳህኗ አልተነካም ነበር።

በማግስቱ ቪዲዮው ክፍሉን ሁሉ አዳርሷል። የቋንቋ መምህሩ ስለ ቪዲዮው አያውቁም፤ ቃል ጽሕፈት እያነበቡ በዴስኮቹ መሃል ይመላለሳሉ። ጀርባቸውን ባዞሩ ቁጥር ምን አልሽ ብዕሯ ይቆማል። በመጨረሻ እጇን አወጣች።

«ምን አሉኝ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ከኋላ እንደ እንቁራሪት ጮኸ። መምህሩ ሳቁ ስለምን እንደሆነ ሳይገባቸው «ጆሮሽን ይዘሽ ነይ እንጂ!» አሉ፤ ሊያስቁ ብለው እንጂ ሊያስከፏት አልነበረም። ሳቁ እጥፍ ሆነ። ፍንጭት አንገቷን ደፍታ ወረቀቷ ላይ አፈጠጠች።

በእረፍት ሰዓት ምን አልሽ እሷው መጣች። ፍንጭት ግድግዳ ተደግፋ ነበር፤ የምትሸሽበት አልነበራትም።

«ይቅርታ» አለች ምን አልሽ።

«የምን ይቅርታ?»

ምን አልሽ ከንፈሯን ቀረብ ብላ አየች። «ፍንጭሽን አበላሸሁብሽ። አንቺ ጠብቃ ብለሽኛል፤ እኔ ነኝ ላልታ ብዬ የሰማሁት። እናቴ ‹ማን ገፋሽ?› እያለች አስጨነቀችኝ፤ ማንም አይደለም፣ ጥፋቱ የጆሮዬ ነው አልኳት። አለቀሰች። መሣሪያዋን ያገኘነው ስንት ወረፋ ጠብቀን ነው። ባለሙያው ቶሎ ከወጣችና ከደረቀች ምናልባት ትሠራለች ብሏል። ካልሆነ እንደገና ከወረፋው ጭራ ነው። ዛሬም ልፈልግ ነው። ያንቺ ዓይን ጥሩ ነው። ትመጫለሽ?»

ፍንጭት የጫማዋን ክር ለማሰር ጎንበስ አለች።

ምን አልሽ ስትሄድ ሳተላይት ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ አጠገቧ ነበር። «ሰማሽ አይደል? ራሷ በራሷ ላይ ፈረደች። ተገላገልሽ! ሆድ ይፍጀው በይና ዝም በይ። ነገ ቅዳሜ ነው፣ ምርጥ ደባቂ ትባያለሽ፣ ያልቃል። ካወራሽ ግን ፍንጩ ያንቺ ነው፣ ‹ላልታ› ያልሽውም አንቺ ነሽ። እኔ የት አለሁበት?»

«የት አለንበት?» አለ ገደል ማሚቶ።

እውነቱን ነው፤ ያ ነው የባሰው። ምንም መናገር አይጠበቅባትም። ውሸቷን ሌላ ሰው አጥቦ፣ ተኩሶ፣ አጥፎ ሰጥቷታል። ማድረግ ያለባት መልበስ ብቻ ነው። ከሰኞ ጀምሮ ግን ምን አልሽ የሰማችውን ሁሉ ትጠራጠራለች፤ በትክክል የሰማችውንም ጭምር።

ከትምህርት በኋላ እግሯ ወደ ገንዳው ወሰዳት። ምን አልሽ ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ጠቅልላ፣ የገንዳው መውረጃ ደረጃ ላይ ቆማ በረጅም መጥረጊያ እንጨት ጭቃውን ትስባለች። የማዕከሉ ዘበኛ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ከላይ ያዩዋታል። ሳተላይትና ገደል ማሚቶ አጥሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ ክፍል ሁለትን ሊቀርጹ ነው የመጡት።

«ጋሼ፣ ውሃውን ማፍሰስ አይቻልም?» አለች ፍንጭት።

«ይቻላል። ያ ዋናው ቫልቭ ምን ሊሠራ ቆሟል?» ዘበኛው በአገጫቸው ወደ ጓሮው አመለከቱ። «ግን ከተከፈተ ጓሮው ይጥለቀለቃል፤ ሰኞ ኃላፊው ማን አዘዘህ ይለኛል። ስትጫወት ራሷ የጣለችውን ዕቃ ውሃ በላው፣ ምን ላድርግ? ሰው አታሎ ጥሏት ቢሆን ሌላ ነገር ነው፤ ይሄ ነው የሆነው ብዬ እናገራለሁ፣ አፌን ሞልቼ። እሷ ግን ራሴ ነኝ ትላለች።»

ምን አልሽ እንጨቷን አቁማ ተራ በተራ አፋቸውን ታያለች። ከምን ላይ እንደደረሱ አልገባትም።

አጥሩ ላይ ሳተላይት ራሱን በቀስታ ግራና ቀኝ ነቀነቀ። ገደል ማሚቶም ነቀነቀ።

ፍንጭት እስከ ጠርዙ ሄዳ ተንበረከከች፤ ፊቷ ከምን አልሽ ፊት ትይዩ ሆነ። ቃላቱ አንድ በአንድ እንዲታዩ አፏን በደንብ እየከፈተች ተናገረች።

«ላልታ ነው ያልኩሽ። ጠብቃ እንደሆነች እያወቅኩ። ጆሮሽ በትክክል ነው የሰማው።»

ምን አልሽ አልተነቃነቀችም። ዓይኗ ከፍንጭት ከንፈር አልተነሳም ነበር፤ አንዲት ቃል አላመለጠቻትም። ፊቷ ላይ የነበረው ሁሉ፣ ያ ፈገግታዋም፣ ቀስ ብሎ ወረደና የቀረው ፍንጭት አይታው የማታውቀው ፊት ነበር።

«ምን አልሽ?» አለች።

ዘበኛው አንዴ አንዷን፣ አንዴ ሌላዋን አዩ። አጥሩ ላይ ሳተላይት ስልኩን ዝቅ አደረገ።

«ሰምተሽኛል» አለች ፍንጭት ቀስ ብላ።

«ምን አልሽ?» አለች ምን አልሽ፣ ከመጀመሪያው ጮክ ብላ።

ፍንጭት ተነስታ ቆመች። ትንፋሿን ሳበችና፣ ዘበኛውም አጥሩም መንገዱም እንዲሰማ አድርጋ፣ ከመጀመሪያው ጀመረች።