የጋንግሮዳ ልጅ ለማን ትሸፍናለች?

ሱግና የሞተችው በተወለደችበት መንደር፣ በጋንግሮዳ፣ በደረጃ ከሚወረድበት ደረቅ የውሃ ጉድጓድ ግርጌ ነው። በአውራጃው ያለዕድሜ ጋብቻን የመከላከል ኃላፊ ነበረች። ያን ቀን ጠዋት የመጣችውም የአንዲት ልጅ ሠርግ ልታስቆም ነበር።

ኢንስፔክተር ኢንዱባላ አስከሬኑ አጠገብ ቁጢጥ አለች። የሟች ቀይ ሻርፕ ከአናቷ እስከ አገጯ ወርዷል፤ ጫፉን በጥርሷ ነክሳዋለች። ኢንስፔክተሯ የሟችን ትከሻ ይዛ ቀስ አድርጋ ገለበጠቻት። ነጩ ሸሚዝ ጀርባው ላይ ጎን ለጎን ሁለት ቢጫ እድፍ አለበት።

«ሻርፑን ማንም እንዳይነካው» አለች።

«ተንሸራታ ነው» አለ የመንደሩ ሹም ባግሲንግ። «ፊቷን ሸፍና ደረጃ የምትወርድ ሴት ምን ይታያታል?»

«እዚህ መንደር ትሸፍን ነበር?»

ሹሙን ሳቅ አመለጠው። «ሱግና? የኛው ልጅ ናት እኮ! ሴት በተወለደችበት መንደር ለማን ትሸፍናለች? ዛሬ ጠዋት እንኳ አፍንጫዬ ሥር ቆማ፣ ፊቷን ገልጣ፣ ሠርጉን ካላስቆምክ አንተንም አሳስርሃለሁ ብላኛለች።»

«ተቀየምካት?»

«እንዴታ! ሰው ካላስቀየመች ሱግናም አይደለችም።»

የሙሽራዋ ቤት በረንዳ ላይ፣ ሙሽራና ሙሽሪት በየቤታቸው ለሠርግ የሚቀቡት የተበጠበጠ እርድ ሳህን ላይ ደርቋል። ጣት የነካው አይመስልም። ሙሽራዋ ሀርኩ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ክንዷም ፊቷም ንጹሕ ነው።

«ለምን አልተቀባሽም?»

«በሩን ከውስጥ ዘግቼ እምቢ አልኩ። የሕፃናት ጥቆማ መቀበያ ስልክ ላይ የደወልኩትም እኔ ነኝ። ማንም ሳይመጣ ሲቀር፣ እትዬ ሱግናን በሰው አስጠራኋት።»

«አፍሽን ያዢ!» አለ አባቷ ሞዳራም።

«ከእንግዲህ ብይዘው ምን ዋጋ አለው አባባ? እሷን ቀብራችሁ እኔን ልትድሩኝ አይደል?»

ኢንዱባላ ወደ አባትየው ዞረች። «ሙሽራው ማን ነው?»

«ከደህና ቤት ነው።»

«ስም የለውም?»

«ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ፣ እመቤቴ።»

«ሠርጉ ዛሬ አይደል እንዴ?»



በዚህ መሃል አንድ መኪና ደጅ ላይ ቆመ። ኬሳርማል ወረዱ፤ የሱግና አማት፣ የባሏ አባትና የአውራጃው የሕፃናት ጥበቃ ኮሚቴ ሊቀ መንበር። «ልጄን! ሕጉን መድረክ ለመድረክ አብራኝ ያስተማረችውን!» እያሉ እንባቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ኢንዱባላ የምታየው ጥፍራቸውን ነበር።

«አሁን መድረስዎ ነው?»

«መርዶውን ሰምቼ፣ በቀጥታ።»

ኢንስፔክተሯ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ሰበሰበቻቸው።

«ሱግና አልተንሸራተተችም። እርድ የነካው ሰው በሁለት እጁ ከኋላ ገፍቷታል።»

«እርድማ እዚህ ቤት አለ!» አለ ባግሲንግ፣ ሞዳራምን እያየ።

«አለ፤ ግን አልተነካም። ሀርኩ በሯን ዘግታለች። እንግዲህ እርዱ የመጣው ከሙሽራው ቤት ነው። አሁን ወደ ሻርፑ እንምጣ። ለእናንተ አትሸፍንም፤ ሹሙ ራሱ ነግሮኛል። ያገባች ሴት በተወለደችበት መንደር ሻርፗን የምታወርደው የባሏ ታላላቆች ከመጡባት ነው።»

«አማቷን አክብራ ብትሸፍን ምኑ ነው ወንጀሉ?» አሉ ኬሳርማል በቁጣ።

«ወንጀል የለውም። ግን ጋሼ፣ አሁን ነው የደረስኩት ብለውኛል። ታዲያ ስትሞት ማንን አክብራ ነበር የሸፈነችው?»

ኬሳርማል እጃቸውን ወደ ኋላ ደበቁ።

«እጅዎን ይዘርጉ።»

አልዘረጉም። ባግሲንግ ክንዳቸውን ይዞ ገለበጠው። ጥፍራቸው ሥር ቢጫ ነው።

«ሞዳራም፣ ሙሽራው ማን ነው?»

«የሱግና ልጅ ነው» አለ ሞዳራም። «አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። እሳቸው ለእናቱ እኔ እነግራታለሁ አሉኝ።»

«ነገርኳት!» ብለው ጮኹ ሊቀ መንበሩ። «ሀርኩ መደወሏን ሰምቼ ጥቆማውን አፍኜው ነበር። ሱግና መምጣቷን ስሰማ የልጅ ልጄን እርዱን በገዛ እጄ ቀብቼው መጣሁ፤ ለመንኳት። ሕጉ ከኔ ቤት ይጀምራል ብላ ጀርባዋን ሰጥታኝ ልትሄድ! እኔን፣ ለሥራው ያበቃኋትን!»

ፖሊሶቹ ወደ መኪናው ሲወስዷቸው ሀርኩ ኢንዱባላን እጅጌዋን ጎተተቻት። «ስደውል ስምሽን ለማንም አንናገርም ብለውኝ ነበር። ማን ነገራቸው?»

«ጥቆማ ሁሉ መጀመሪያ የሚደርሰው ለኮሚቴው ሊቀ መንበር ነው። የአውራጃው ደንብ ነው።»

«እንዲህ ያለ ደንብ ማን አወጣ?»

«ሱግና ናት ያረቀቀችው። ከሳቸው በላይ የምታምነው ሰው አልነበራትም።»

«ደግሞ ብደውልስ? ማን ያነሳዋል?»

«አላውቅም።»

አስከሬኑን በቃሬዛ ተሸክመው በግቢው በኩል አለፉ። ሀርኩ አስቆመቻቸው። የሻርፑን ጫፍ ከሟች ጥርስ ቀስ አድርጋ አላቀቀችና ወደ ግንባሯ ገለጠችው።

«እዚህ ለማንም አትሸፍንም» አለች።