የዝምታ ውሃ

«አንዲት ቃል ብቻ» አለች ካሊና። «ስሜን ጥሪና ቸኮላቴ ያንቺ ነው። ሙሉው እኮ ነው፣ ግማሹን አላልኩም።»

ራይና ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠችው። የመዳቡ ባልዲ ከምንጩ ሥር ተቀምጦ ቀስ እያለ ይሞላል። ጉሙ ሌሊቱን ከተራራው ወርዶ መንደሩን ስለዋጠው፣ ከታች የሚታየው የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላትና የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ብቻ ነበር። ሁለቱም መሬት የነኩ አይመስሉም።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብለሽ ነው አይደል?» ጓደኛዋ ካሊና ማስኳን አገጯ ሥር አውርዳ፣ እንደታዘዘችው ራቅ ብላ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። «እሺ፣ ፀጉርሽን ማን ነው የሠራሽ? ኧረ ያስጠላል። አሁንም ዝም? አቦ፣ ግንብ ነሽ።»

በዚህ መንደር ትምህርት የሚከፈተው በውሃ ነው። ከሰባተኛ ክፍል አንዲት ልጅ ትመረጥና በመክፈቻው ቀን ጠዋት ከላይኛው ምንጭ ውሃ ትቀዳለች፤ ለማንም ምንም ሳትተነፍስ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ታደርሳለች። አዲሶቹ አንደኛ ክፍሎች ባልዲውን ተራ በተራ በእግራቸው ነካ ያደርጉታል፤ በዕድሜ ትንሹ መትቶ ይደፋዋል፤ ከዚያ በፈሰሰው ውሃ ላይ ተራምደው ይገባሉ። ትምህርቱ እንደ ውሃ ይፍሰስላቸው ነው ነገሩ። ልጅቷ መንገድ ላይ ከተናገረች ግን ውሃው ተራ ውሃ ይሆናል። ታዲያ መንደርተኛው፣ ሽማግሌ ሳይቀር፣ እሷን ማናገር ጨዋታው ነው።

ራይና ይህን ባልዲ ስትመኝ ነው ያደገችው። ዘንድሮ ደግሞ የሚደፋው ትንሹ ልጅ የገዛ ወንድሟ ስታመን ነው።

ትምህርት ቤቱ በወረርሽኙ ሲዘጋ ደወሉን ያጠፋ ሰው አልነበረም። ደወሉ የኤሌክትሪክ ስለሆነ በሰዓቱ በራሱ ይጮኻል። እናም ጸደዩን በሙሉ ሰው የሌለበት ትምህርት ቤት የሌሉ ልጆችን ሲያስገባና ሲያስወጣ ከረመ። ራይና አልጋዋ ላይ ሆና በእናቷ ስልክ ስትማር፣ ደወሉ በተሰማ ቁጥር ስታመን ቦርሳውን አዝሎ በመስኮቷ ሥር ሲሮጥ ታየዋለች። «እየጠሩኝ ነው» ይላል። የግቢያቸው አጥር ጋ ሲደርስ ይቆምና የሚቀጥለውን ደወል ይጠብቃል። ያ ጊዜ አሁን ስታስበው ሕልም ሕልም ይላታል፤ ቀኖቹ ሁሉ አንድ ቀን ሆነውባታል።

አሁን ተከፈተ። እንደ ድሮው ግን አይደለም። ግቢው መሬት ላይ ቢጫ ክቦች ተቀብተዋል፤ አንድ ልጅ ለአንድ ክብ። እያንዳንዱ ክፍል የየራሱ በር አለው። ወላጅ ከአጥር ውጭ ነው። ዳቦና ማር ቆርሶ መጎራረስ ቀርቷል፤ እጅ ለእጅ ተያይዞ ሆሮ መጨፈርም ቀርቷል። ባልዲውንም ሊያስቀሩት ነበር፤ ዳይሬክተሩ ጋሽ ራድኮ ናቸው ያዳኑት። «ትእዛዙ እጅ አትነካኩ ነው የሚለው» አሉ አሉ። «ስለ እግር ያለው ነገር የለም። ባልዲው አይቀርም።»

ባልዲው ሞላ። ከመነሳቷ በፊት ጆሮው ላይ የጤና ቅጠል ማሰር አለባት። የጤና ቅጠል ከምንጩ ዳር ይበቅላል፤ አንዴ የነካው እጅ ቀኑን ሙሉ ሲሸት ይውላል፤ እናቷ ልብስ መሃል የምትከተውም ለዚሁ ነው። ራይና አንድ እፍኝ ቀጠፈችና እንደ ልማዷ ማስኳን ዝቅ አድርጋ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው።

ምንም አልሸተታትም።

መጀመሪያ ጉሙ መሰላት። ቅጠሉን በጣቶቿ አሽታ ደግማ አሸተተች። እርጥብ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ሽታ ግን የለውም። ጎንበስ ብላ ከምንጩ ዳር ናና ቀጠፈች። እሱም ያው። ከኪሷ ሳኒታይዘሩን አውጥታ መዳፏ ላይ ጠብ አደረገች፤ ቅዝቃዜው ብቻ ተሰማት።

ጠዋት ስትመጣ በየግቢው ቀይ ቃሪያ ለብርዱ ወራት ተብሎ ሲጠበስ ጭሱን አይታ ነበር። ጭሱ ከጉሙ ጋር ተቀላቅሎ ሲንሳፈፍ ዛሬ የመንደሩ አየር እንዴት ንጹሕ ሆነ ብላ ተገርማ አልፋለች። ማታ ደግሞ ራሷን ሲወቅራት ነበር። ያለፈው ሳምንት እሑድ ከተማ፣ የአጎቷ ሠርግ ላይ፣ ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛ ስትጨፍር አምሽታለች። ሽታ ሲጠፋ ምን ማለት እንደሆነ ያኔ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቅ ነበር፤ ቴሌቪዥኑ ጠዋት ማታ ሌላ ወሬ አልነበረውም።

«ምን ሆንሽ? ፊትሽ እኮ ነጣ» ብላ ካሊና ከድንጋዩ ተነሳች።

ራይና እጇን ዘርግታ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«ውይ! ሕግ አክባሪዋ!» ካሊና ሳቀች። «እሺ በቃ አልጠጋሽም። ቅደሚ።»

ራይና ቅጠሉን ባልዲው ጆሮ ላይ አስራ ቁልቁለቱን ወረደች። ባልዲው ከጉልበቷ ጋር እየተጋጨ ውሃው ይወዛወዛል። መቼም ዝም የማለት ግዴታ እንዲህ ተመችቷት አያውቅም። ማንም ለምን ዝም አልሽ አይላትም። የሆዷን በሆዷ ይዛ፣ ጉሙ ውስጥ፣ ሌላ ሰው የሚያየው ሕልም ውስጥ የገባች ይመስል ትራመዳለች።

«አንቺ ልጅ!» አሉ አባባ ቪልኮ ከደጃቸው አግዳሚ ላይ። «ቤታችሁ በእሳት ተያይዟል፣ አንቺ እዚህ ውሃ ትሸከሚያለሽ?»

ራይና ራሷን ብቻ ነቀነቀች።

«አይ፣ ይቺስ ታደርሳለች» አሉ ሽማግሌው ለካሊና። «አንቺ ብትሆኚ ገና ምንጩ ላይ ለቀሽው ነበር።»

ቀጥሎ ባለው ግቢ ቃሪያ የምትጠብስ ሴትዮ አንዱን ትኩስ ቃሪያ በሹካ ወጋ አድርጋ ከአጥሩ በላይ ብቅ አደረገችው። «ቅመሺና ጨው ካነሰው ንገሪኝ፣ እመቤት።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ ትፈነዳ ነበር። አሁን ግን እውነትም ብቀምሰው አላውቀውም ብላ አሰበችና ፊቷን አዙራ አለፈች።

ባልዲውን ሰጥቼ ራሴን አመመኝ ብዬ እመለሳለሁ ስትል አቀደች። ስታመን ይደፋዋል፣ ይገባል፤ ነገ ደግሞ የነገውን እናያለን። ጥሩ መላ መሰላት። ግን ጠዋት የስታመንን ወተት ቀምሳ የሰጠችው እሷ ነች። ማታ አንድ አልጋ ላይ ተኝታ ተረት ስትነግረው ነበር። ስታመን ደግሞ ዛሬ የሚገባው የእትዬ ኔቬና ክፍል ነው።

እትዬ ኔቬና ራይናንም እናቷንም ፊደል ያስቆጠሩ ናቸው። ደረታቸው ያፏጫል፤ ልጆቹ በኮሪደር ሲመጡ የሚያውቋቸው በዚያ ፉጨት ነው። ዘንድሮ ጡረታ ይውጡ ሲባሉ «ስታመንን ሳላስተምር?» ብለው እምቢ አሉ። ጸደይ ላይ፣ ሁሉም በየቤቱ በተቀመጠበት ጊዜ፣ በየአጥሩ እየዞሩ ከሩቅ እጃቸውን ያውለበልቡ ነበር። ስታመን ቦርሳውን አዝሎ አጥሩ ጋ ሲቆም ካዩት ወዲያ ማዶ ቆመው «ገና ነው፣ የኔ ጌታ። ይደርሳል» ይሉት ነበር።

ጉሙ ሳሳ። የትምህርት ቤቱ አጥር፣ ከዚያ ሰዉ፣ ከዚያ በሩ ላይ የተንጠለጠሉት አበቦች አንድ በአንድ ታዩ። ስድስቱ አንደኛ ክፍሎች ከበሩ ውጭ ተራርቀው ተሰልፈዋል። ስታመን ጫፍ ላይ ነው፤ ማስኩ ላይ የድመት ጢም ሥሎበታል። ባልዲውን ሲያይ እንደሚለማመድ ሰው በእግሩ አየር መታ።

«መጣች! ዝም እንዳለች መጣች!» አለ አንዱ ወላጅ፤ ሰዉ አጨበጨበ።

እትዬ ኔቬና ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ከበሩ ወጡ። ባልዲውን ሲቀበሉ «አሁን ተናገሪ» ይሏታል፤ ሁሌም እንዲህ ነው የሚያልቀው። ራይና ከማስካቸው ሥር ፉጨቱን ሰማችው። ሽታው ሁሉ ጠፍቶባት ያ ድምፅ ግን ጥርት ብሎ ተሰማት።

እሳቸው አንድ እርምጃ ወደ ፊት አሉ። እሷ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ውሃው ተናውጦ ጫማዋ ላይ ፈሰሰ።

«ነይ እንጂ፣ የኔ ልጅ» አሉ እትዬ ኔቬና።

«እትዬ፣ አይቅረቡኝ» አለች ራይና።

«ኤጭ!» አለ ሰዉ። «በሩ ላይ ደርሳ!» የሚል ሳቅም ተሰማ።

ባልዲውን መሬት አስቀመጠች። ድምፅዋ ከጠዋት ጀምሮ ስላልወጣ ሻካራ ነበር። «የጤና ቅጠሉ አይሸተኝም። ምንም አይሸተኝም።»

ሳቁ ቆመ። ሰዉ ሁሉ ሳይነጋገር ወደ ኋላ አለ። ወደ ፊት የመጣችው እናቷ ብቻ ነበረች። እጇን የራይና ግንባር ላይ አደረገች፣ ከዚያ ዞራ ስታመንን በዓይኗ ፈለገችው።

ካሊናም ማስኳን ወደ ላይ ጎትታ ከሰዉ ተለየችና መንገዱ ማዶ ብቻዋን ቆመች። «የኔም ማስክ አገጬ ላይ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ደበረኝ በጣም።»

«እኔስ?» አለ ስታመን።

«አንተም፣ የኔ ልጅ» አለች እናታቸው። «አንድ ቤት ነው ያለነው።»

ስታመን አላለቀሰም። ቦርሳውን እንዳዘለ ወደ እህቱ መጥቶ ፊቷ ቆመ። «መናገር አልነበረብሽም! ዝም ብትዪ እገባ ነበር!»

«አዎ» አለች ራይና። «ዝም ብል ትገባ ነበር።»

ጋሽ ራድኮ ጊዜ አልፈጁም። የጽዳቱን የፕላስቲክ ባልዲ ከቧንቧ አስሞልተው በጀርባ በር አስመጡ። «የቧንቧ ውሃም ውሃ ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ወትሮው አልነበረም። አምስቱ ልጆች ባልዲውን በእግራቸው ነክተው ደፉትና በውሃው ላይ ገብተው በየቢጫ ክባቸው ቆሙ። ወላጆችም አንድ በአንድ ተበተኑ። ስታመን ከመንገዱ ማዶ፣ የእናቱን እጅ ይዞ ያያቸዋል።

ደወሉ ጮኸ።

«እየጠሩኝ ነው» አለ ስታመን፣ ለማንም ሳይሆን።

ራይና ይህን ስትሰማ እሷን ማልቀስ አማራት። አላለቀሰችም፤ የመዳቡን ባልዲ አንስታ ወደተዘጋው በር ሄደች። መንገዱ ከግቢው ከፍ ይላል፤ ክረምት ላይ ጎርፉ በበሩ ሥር አልፎ እስከ አንደኛ ክፍል ደጃፍ እንደሚደርስ እዚያ የተማረ ሁሉ ያውቃል። ባልዲውን ከበሩ ፊት ለፊት አስቀመጠችው።

«ና» አለችው ወንድሟን።

«ውሃው ተበላሽቷል። ተናግረሽበታል።»

«አውቃለሁ። ተራ ውሃ ነው። ቢሆንም ምታው።»

ስታመን ቆም ብሎ ባልዲውን አየ፣ እሷን አየ። ከዚያ ንዴቱን ሁሉ እግሩ ላይ ሰብስቦ መታው። ባልዲው ተንኳኳ፣ ተንከባለለ። ውሃው አቧራውን እየገፋ በበሩ ሥር ሾለከ፤ የመጀመሪያውን ቢጫ ክብ አቋረጠ፣ ሁለተኛውን አቋረጠ፣ እየቀጠነ ወረደና ደጃፉ ላይ ስም ለመጥራት የቆሙት እትዬ ኔቬና ጫማ ጋ ደረሰ። እሳቸው ጎንበስ ብለው አዩት። እግራቸውን ግን አላነሱም።

የአምስቱን ስም ጠሩ። ከዚያ ቀና ብለው፣ በዚያ በሚያፏጭ ደረታቸው አቅማቸው የፈቀደውን ያህል ጮክ አሉ።

«ስታመን!»

«አቤት!» አለ ስታመን ከመንገዱ ላይ።

ሦስቱም ወደ ቤት አቀበቱን ተያያዙት። እናታቸው ሐኪም ቤት ለመደወል ስልኳን እየነካካች ቀደም ብላለች። ጉሙ ተገፍፏል፤ የቃሪያው ጭስ በየግቢው ቀጥ ብሎ ይወጣል። ራይና ባዶውን ባልዲ በአንድ እጇ ይዛ፣ ጆሮው ላይ የታሰረውን የጤና ቅጠል ፈታችና አንዴ ሞከረችው። ምንም የለም። ለስታመን ሰጠችው።

«አሽትተህ ንገረኝ» አለችው። «ምን ምን ይላል?»

ስታመን ገና አልታረቃትም። ቅጠሉን ይዞ ጥቂት እርምጃ ቀደማት። ከዚያ የድመት ጢሙን ወደ አገጩ አወረደና አፍንጫውን ቅጠሉ ውስጥ ቀበረ።

«ቆይ» አለ። «እያሰብኩ ነው።»