አንድ አምስተኛ

ቤጊማይ ናሪን ከተማ ኮሌጅ በገባችበት ዓመት የኬሚስትሪ ፈተና ሁለት ጊዜ ወደቀች። ነዳጅ ሲቃጠል ምን ያህል ኦክስጅን እንደሚፈጅ አስሉ የሚል ጥያቄ ሲመጣ ብዕሯ አልሄድ ይላታል። መምህሯ የመጨረሻ ዕድል ሰጥተው፣ እንዲያስጠናት ዛይርቤክ የሚባል የሦስተኛ ዓመት ተማሪ መደቡላት።

«መጀመሪያ የቀመሩን ግራና ቀኝ አመጣጥኚ» አላት በመጀመሪያው ቀን። «ከዚያ በፊት ስሌት አትጀምሪ።»

«እምቢ ካለኝስ?»

«እስኪመጣጠንልሽ እጠብቅሻለሁ።»

ቀና ብላ አየችው። እሱም አያት። ከዚያ ሁለቱም ወረቀቱ ላይ አቀረቀሩ።

በሳምንት ሦስት ቀን ቤቷ እየመጣ ያስጠናት ጀመር። እናቷ ከሞተች ወዲህ የምትኖረው ከአባቷ ጋር ነው። አባቷ ጁማሽ ጓሮ ባለች ጠባብ ክፍል የሱፍ ቆብ ይሰፋሉ። በዚያ ክረምት ብርዱ ጣታቸውን ቢያደነዝዘው የጋዝ ማሞቂያ ገዙ፤ መስኮቱንና የበሩን ስንጥቅም በወፍራም ሱፍ ሊደፍኑት አሰቡ። የተማረ ሰው ምክር አይናቅም ብለው ዛይርቤክን ጠየቁት።

ዛይርቤክ ለአባትየው ጎበዝ ሆኖ መታየት ፈልጓል። እዚያው እንደቆመ ክፍሏን በዓይኑ ለክቶ አሰላ።

«አሥራ ስምንት ሜትር ኩብ ትሆናለች» አለ። «አንድ ኪሎ ጋዝ ሦስት ሜትር ኩብ የማይሞላ ኦክስጅን ነው የሚፈልገው። አምስት ኪሎው ሲሊንደር ሙሉ ቢነድ እንኳ አየሩ አያልቅም። ይድፈኑት።»

ጁማሽ ደስ አላቸው። ማታ ለልጃቸው ይህ ልጅ ጭንቅላት አለው ሲሏት፣ ፊቷ መቅላቱን እንዳያዩባት ሳህን ልታጥብ ተነሣች።

የፈተናው ጠዋት ጥያቄው ስለ ጋዝ መጣ። ቤጊማይ አመጣጠነች፣ ኦክስጅኑን አገኘች። ጥያቄው ግን አየር ስንት ያስፈልጋል ይላል። ከአየር ውስጥ ኦክስጅን አንድ አምስተኛው ብቻ ነው፤ ስለዚህ ያገኘችውን በአምስት አባዛችና ብዕሯ ቆመ። ዛይርቤክ ክፍሏን ሲያሰላ አየሩን በሙሉ ኦክስጅን አድርጎ ቆጥሮታል። በዚያች ክፍል ያለው ኦክስጅን አራት ሜትር ኩብ እንኳ አይሞላም። ኦክስጅኑ ገና ሳያልቅ እሳቱ በደንብ መንደዱን ይተዋል፤ ሽታ የሌለውን መርዝ ማውጣት ይጀምራል። አባቷ ደግሞ ትናንት ማታ ስንጥቁን ሁሉ ደፍነው ጨርሰዋል፤ ዛሬ ከንጋት ጀምሮ ማሞቂያውን ለኩሰው እዚያ ውስጥ እየሰፉ ነው።

ወረቀቱን ጥላ ወጣች። መምህሯ ከኋላዋ ቢጠሯት አልሰማችም። ካፖርቷን ሳትለብስ በበረዶው ላይ ወደ ቤት ሮጠች።

ጁማሽን የስፌት መኪናው ላይ ተደፍተው አገኘቻቸው። ብትጠራቸው አልመለሱም። መስኮቱን በብረት ሰበረች፤ ብብታቸውን ይዛ እየጎተተች ደጅ አወጣቻቸው። ስንት ጊዜ እንደጠራቻቸው አታውቅም። በመጨረሻ አሳላቸውና «ራሴን አመመኝ» አሉ። በረዶው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ሆስፒታል ሐኪሞች ሁለት ቀን ኦክስጅን ሰጥተዋቸው ደህና ናቸው ብለው ሸኟቸው። ዛይርቤክ ሆስፒታሉ በር ድረስ መጥቶ መመለሱን ከዘበኛው ሰማች። ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። በስድስተኛው ቀን ራሷ ኮሌጅ ልትፈልገው ሄደች። ቤተ ሙከራ ውስጥ ብርጭቆ ሲያጥብ ደረሰችበት። ሌላ አስጠኚ እንዲፈልጉላት ለመምህሯ መናገሩን ፊቱን ሳያዞር ነገራት።

«አባትሽን ልገድላቸው ነበር። አንድ አምስተኛዋን ረሳኋት።»

«እኔንም አብረህ ልትረሳ ነው?»

ዛይርቤክ የውኃውን ቧንቧ ዘጋ። ወደ እሷም ዞረ። ዓይኖቹ ቀልተዋል።

ቤት ይዛው ሄደች፤ አባቷ ፊት ሲቀርብ ቆቡን አውልቆ በሩ ላይ ቆመ። ጁማሽ ቀና ብለው አዩት።

«ትሳሳታለህ» አሉት።

«ተሳስቻለሁ፣ አባባ።»

«ስሌቱን ያስተማርካት ግን አንተ ነህ። ባታስተምራት ኖሮ ዛሬ እኔ የለሁም። ስትሳሳት ታርምሃለች። ግባና ብላ።»

ዛይርቤክ ግባ ቢባልም እዚያው በሩ ሥር ቁጭ አለ። ቤጊማይ ሳቀች፤ ሽማግሌውም ሳቁ።

ፈተናውን እንደገና ተቀምጣ አለፈች። በረዶው ሲቀልጥ የዛይርቤክ እናት ከመንደር መጥተው፣ በአገሩ ወግ የእጮኝነት የጆሮ ጌጥ በገዛ እጃቸው አደረጉላት። ዛይርቤክ ከጎኗ ቆሞ፣ ስንት ቀን ይዞት የቆየውን ትንፋሽ በረጅሙ ለቀቀ።