ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ማጥፊያ

የኮምፒውተር መምህሩ ሙሉቀን «የመብራት ማጥፊያውን ዝቅ አድርጌ፣ ቀይ ጨርቅ አስሬበት ወጣሁ፤ መልሳ ያበራችው ልትወለውል የገባችው የጽዳት ሠራተኛዋ አልጣሽ ናት» አለ። አልጣሽ ደግሞ «ስገባ ጨርቁ ታስሯል፤ መብራቱ ግን እንደበራ ነው። እጄን አላሳረፍኩበትም» አለች።

ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ካሴ፣ ወገዳ ከተማ በሚገኘው ትምህርት ቤት ጣሪያ ላይ ሽቦ ሲቀጥል ነዝሮት ወድቆ ሞቷል። በዚያ ግቢ ማጥፊያ ላይ ቀይ ጨርቅ ከታሰረ «ሰው መስመር ላይ ስላለ መብራቱ ጠፍቷል» ማለት ነው። ካሴ መሰላሉን ሲወጣ ጨርቁን በመስኮት አይቶ ነው እጁን የሰደደው።

ኢንስፔክተር ሰብለ ጠዋት የመምህሩን ቃል አምና አልጣሽን አሳሰረች። ከሰዓት በኋላ ግን ነገሩ አላስቀምጥ አላት። ሁለቱንና ርዕሰ መምህሩን አቶ አስናቀን፣ ማጥፊያው ወዳለበትና እንደነበረ ወደታሸገው የኮምፒውተር ክፍል ጠራች።

«ማጥፊያውን ስንት ሰዓት ላይ አወረድከው?»

«ልክ አራት ሰዓት» አለ ሙሉቀን።

«ካሴስ ስንት ሰዓት ወደቀ?»

«አራት ከሩብ» አሉ አቶ አስናቀ።

ሰብለ መደርደሪያው ላይ ያለችውን፣ ለግቢው ኢንተርኔት የምታድለውን ራውተር አየች። «ይቺ ኃይል ከየት ታገኛለች?»

«ከዚሁ ማጥፊያ» አለች አልጣሽ ቀድማ። «ባትሪዋ ከሞተ ከርሟል። መብራት ሲጠፋ አብራ ትጠፋለች።»

«ደግሞ መቼ መሐንዲስ ሆንሽ?» አሉ አቶ አስናቀ።

«አቧራዋን የምጠርገው እኔ አይደለሁ እንዴ ጋሼ!»

ሰብለ ወደ ሙሉቀን ዞረች። «በል ከኮምፒውተሩ ጠይቃት። መቼ በርታ እንደተነሳች፣ አንጎሏ የሆነው ፕሮሰሰርም በየሰዓቱ ምን ያህል ሥራ እንደተጫነበት።»

የሙሉቀን ጣቶች ቁልፎቹ ላይ ዘገዩ። ትእዛዙን ጻፈ። የፕሮሰሰሩ ዓይነት ወጣ፤ ከሥሩ «ከተነሳ አምስት ቀን» የሚል መስመር ነበር።

«እሑድ መብራት ከመጣ ወዲህ መሆኑ ነው» አለች ሰብለ። «ዛሬ ጠፍታ ብትሆን ቆጠራዋን ከዛሬ ትጀምር ነበር። ያልወረደን ማጥፊያ አልጣሽ እንዴት ታነሳዋለች? ጭነቱንስ?»

ሁለተኛው ትእዛዝ የየሰዓቱን ጭነት የሚያሳዩ፣ በኮከብ ምልክት የተሠሩ አምዶች ደረደረ። ሌላው ሰዓት ሁሉ ሃያና ሠላሳ በመቶ ነው፤ የዛሬዋ የአራት ሰዓት አምድ ግን ዘጠና ሰባት ደርሷል።

«ምን ነበር ያኔ?»

«የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት በኢንተርኔት የተለቀቀው ያኔ ነው» አለች አልጣሽ። «ግቢው ስልክ በያዘ ልጅ ሞልቶ ነበር።»

«ልጆቹ ውጤታቸውን ሳያዩ ማጥፋት ከበደህ» አለች ሰብለ ለሙሉቀን። «አሁን አጠፋለሁ ብለህ ጨርቁን አስቀደምክ። ካሴ ደግሞ ጨርቁን አመነ። ግን ክፍሉ ሳይታሸግ ራውተሯን አንዴ ብታጠፋት ይህ ሁሉ መረጃ ይሰረዝ ነበር። ምነው ተውከው?»

«እጄ እምቢ አለኝ» አለ ሙሉቀን አቀርቅሮ።

አቶ አስናቀ ላባቸውን ጠረጉ። «ልጆቹ ውጤት አይተው ሳይጨርሱ እንዳታጠፋ ያልኩት እኔ ነኝ። ለሟች ቤተሰብ ሽማግሌ እንላክ፤ ነገሩ በእርቅ ይለቅ።»

ሰብለ የአልጣሽን ካቴና ፈታች። የእጇ አንጓ ቀልቷል። «የተማረ አይዋሽም ብዬ ነው፤ ይቅር በይኝ» አለቻት፣ ዓይኗን ሳታነሳ።

ያኔ ሙሉቀን ተነሳ። «አይሆንም ጋሼ። ለቅሶ ቤቱ አልጣሽ ገደለችው እያለ ነው። ኢንስፔክተር፣ ከጣቢያው በፊት እዚያ ይውሰዱኝ። ጨርቁን ያሰርኩት፣ ማጥፊያውን ያላወረድኩት እኔ ነኝ ብዬ ለካሴ እናት በራሴ አፍ እነግራቸዋለሁ።»