የጠራው መስመር

ሟቹ ገና ከአልጋው አልወረደም፤ ጥፋተኛዋ ግን ተገኝታለች ተብሏል። ነርሷ! የልብ መከታተያው ገመድ ከደረቱ ሲላቀቅ አላየችም ነው የሚሉት፤ ማሽኑ ቀጥ ያለ መስመር አሳየ፤ ለቆመ ልብ ደግሞ የኤሌክትሪክ ንዝረት አይሰጥምና ሐኪሙ ከመጀመሪያው ንዝረት በኋላ ሁለተኛውን ተወው። ነገሩ ያለቀለት ይመስላል። ሽበታሟ መርማሪ ግን ያለቀለት ነገር አይወዱም።

«ልጄ፣ ገመዱን አጥብቀሽው ነበር?»

«እናቴ ትሙት! በእጄ ዳስሼዋለሁ። ግን ማን ያምነኛል? እስር ቤት መግባቴ ነው።» እንባዋ ቀደማት።

የሆስፒታሉ ማሽን ጠጋኝ የነርሷ ታላቅ ወንድም ነው። መርማሪዋ «ማሽኑስ?» ሲሉት፣ «ጤነኛ ነው፣ በቅርቡ ፈትሼዋለሁ» አለ መሬት መሬቱን እያየ።

መርማሪዋ ገመዱን በራሳቸው ደረት ላይ ለጠፉ። መስመሩ ንቅንቅ አላለም።

«እንግዲህ ወይ እኔም ሞቻለሁ፣ ወይ ማሽኑ ይዋሻል።»

ያንኑ ገመድ በጎረቤት አልጋ ማሽን ላይ ሲሰኩት የልባቸው ምት ታየ፤ መስመሩ ግን ትንሽ ይንቀጠቀጣል።

«ሁሉም እንዲህ ናቸው» አለ ሐኪሙ በምሬት። «ጥርት አድርጎ የሚያሳየው ያ የተበላሸው ብቻ ነበር።»

መርማሪዋ ሁለቱንም ማሽኖች አስከፍተው ነርሷን፣ ጠጋኙንና ሐኪሙን ሰበሰቧቸው።

«እዩ። የልብ ምት ሹክሹክታ ነው፤ ይህች ቺፕ፣ የማሽኑ ጆሮ፣ የተሠራችው እሱን ለመስማት ነው። ንዝረቱ ግን በዚያው ገመድ እንደ ጎርፍ ይመጣባታል። ስለዚህ በሯ ላይ ዘበኞች ይቆማሉ፤ ሬዚስተሩ ጉልበቱን ይሰብራል፣ ዳዮዱ የተረፈውን ወደ ሌላ መንገድ ይሸኛል። ታዲያ ዘበኞቹ ሹክሹክታውንም በጥቂቱ ይረብሹታል፤ መስመሩ የሚንቀጠቀጠው ለዚህ ነው። በዚህኛው ግን ዘበኞቹ ተነቅለው ባዶ ሽቦ ተበይዷል። መስመሩ የጠራውም በዚሁ ነው። የመጀመሪያው ንዝረት ቺፗን አቃጠላት። ከዚያ ወዲያ የሰውዬው ልብ ሳይቆም እየተርገበገበ ሁለተኛውን ንዝረት ቢሻስ ማን ያያል?»

ጠጋኙ የተበየደውን ሽቦ በጣቱ ነካ። «ዶክተሩ መስመሩ ይጥራ እያሉ መድረሻ አሳጡኝ… እንዲህ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።»

እህቱ ቀና አለች። «እኔን ሲወነጅሉኝ አጠገቤ ቆመህ ነበር፣ ወንድምዬ።»

ሐኪሙ ድንገት ወደ ጠጋኙ ዞረ።

«ሌሎቹን ማሽኖችም እንደዚህ አድርግልኝ ብዬህ ነበር። ጀምረሃል እንዴ?»

«አንዱን… የሕፃናቱን ክፍል ማሽን…»

ቃሉን ሳይጨርስ ነርሷ በሩን በርግዳ ወደ ሕፃናቱ ክፍል ሮጠች።