ምድር ቤት የማይደርስ ጥሪ

ኢንስፔክተር አማል ሰንጋ ተራ ስትደርስ አስከሬኑ በነጠላ ተሸፍኗል። ሟቹ ኢዶሳ የሬዲዮ ሞገድ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ነበር። አብራሪዎች ከአየር ማረፊያው ማማ ጋር በሚነጋገሩበት መስመር ፉጨት እየገባ ሲያስቸግር፣ ምንጩን ተከታትሎ እዚህ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ላይ ደረሰ። ጣሪያው ላይ፣ ምድር ቤት ላሉት ሱቆች የስልክ ኔትወርክ የሚያመጣ ቡስተር ያለፈቃድ ተተክሏል፤ ፉጨቱን የሚፈጥረው እሱ ነበር። ኢዶሳ የወደቀው ከዚያ ነው።

«አራት ተኩል ላይ ድው ሲል ሮጬ መጣሁ፣» አለ ጥበቃው ጂራታ። «ከአጠገቡ አልተንቀሳቀስኩም፤ ሰፈሩ ሁሉ ምስክሬ ነው። በጓሮው ደረጃ ማን እንደወጣ ግን አላየሁም።»

ቡስተሩን የተከለው ፊራኦል ላብ አጥምቆታል።

«እኔ ተክለ ሃይማኖት ገመድ ስገዛ ነበር፤ ባለሱቁን ይጠይቁት። ደግሞ ቢነቅሉት ምን ቸገረኝ? ጌጃ ሰፈር ብቻ አራት ተክያለሁ!»

«አንተ ልጅ፣ አፍህን አትዘጋም?» አለው ጂራታ።

ገመድ ሻጩ የፊራኦልን ቃል አረጋገጠ።

ልብስ ሰፊዋ ወይዘሮ ጠጅቱ ምድር ቤት፣ ከስፌት መኪናቸው ፊት ተቀምጠዋል።

«እዚሁ ነበርኩ፣ የኔ ልጅ። ልጄ ከቤይሩት ደውላ እያወራን። አሠሪዋ ስልክ የምትሰጣት ደስ ሲላት ነው፤ ቀን የላት፣ ሰዓት የላት። ካላነሳሁላት ወር ያልፋል።»

«ስልክዎን ልየው?»

ጥሪው አለ፤ አራት ሰዓት ከሃያ አምስት፣ ለአራት ደቂቃ።

አማል ወደ ማማው ደወለች። ከዚያም ሦስቱን ምድር ቤት ሰብስባ፣ አንድ ፖሊስ ቡስተሩን እንዲያጠፋ ላከች።

«ስልካችሁን እዩ።»

የሁሉም ኔትወርክ ጠፍቷል።

«ፉጨቱ ከአራት ከሃያ እስከ አራት ከሠላሳ አምስት ቆሞ ነበር፤ ማማው መዝግቦታል። ቡስተሩን ያጠፋው ኢዶሳ ነው። አራት ተኩል ላይ ሞተ። የሞተ ሰው መልሶ አያበራም፤ ስለዚህ ጣሪያው ላይ ሌላ ሰው ነበር። ጂራታ ከአስከሬኑ አልተለየም። ፊራኦል ተክለ ሃይማኖት ነበር። ወይዘሮ ጠጅቱ፣ ጥሪዎ እውነት ነው። ግን በዚያ ሰዓት እዚህ ታች ስልክ አይጠራም።»

ሴትዮዋ የያዙትን ጨርቅ አጣጥፈው አስቀመጡ።

«ልለምነው ወጥቼ ሳለ ደወለች። ‹ደበደቡኝ› አለችኝ፤ ሳትጨርስ ተቋረጠ። እሱ ገመዱን ይነቅላል። ‹እማማ፣ አውሮፕላኑ ውስጥ ሁለት መቶ ሰው አለ› አለኝ። እኔ ያለችኝ አንድ ናት። ገመዱን ተጓተትን። ለቀቅኩት።»

«ጫፍ ላይ መቆሙን አይተዋል?»

«አይቻለሁ። መልሳ ትደውላለች ብዬ አበራሁት።»

ይዘዋቸው ወደ ግቢው ሲወጡ፣ አማል በማስረጃነት የያዘችው የወይዘሮ ጠጅቱ ስልክ ኔትወርክ አግኝቶ መልእክት ገባበት። ያመለጠ ጥሪ ነው፤ ከቤይሩት። አማል ሰዓቱን አየች። ምድር ቤቱን ኔትወርክ ባሳጣችባቸው ደቂቃዎች የተደወለ ነው።

«እሷ ናት?» አሉ ጠጅቱ።

አማል ስልኩን ሰጠቻቸው። መልሰው ደወሉ፤ ጆሯቸው ላይ አጥብቀው ይዘው ቆሙ።

«ዝግ ነው ይላል፣» አሉ፣ «አንድ ጊዜ ልድገመው።»