የምትኩ ጓደኛ

ምትኩ በየወሩ የመጀመሪያ ሰኞ የወጌሻውን ማጣሪያ ይቀይራል። ወጌሻ የሚሉት በጠፈር መርከቧ ላይ ቀዶ ሕክምና የሚሠራውን ማሽን ነው፤ ስምንት ክንድ አለው፣ አማርኛውም ይጥማል። መርከቧ ከምድር ከተነሳች አስራ አንድ ዓመት ስላለፋት ማንም አይደነቅበትም።

ከሁለት ዓመት በፊት ምትኩ ብሎን እየፈታ «ስማማ» አለው፤ «አንድ ጓደኛዬ አለ… ብልቱ ሲቆም ይጎብጥበታል። ያመዋል። ከሚስቱ ጋር መተኛት አቅቶታል። መላ አለው?»

ወጌሻው አልሳቀም። «ሕመሙ ከረጋ ሦስት መንገድ አለ ጋሼ። በረጅሙ ጎን ሰፍቶ መሰብሰብ፤ ይቃናል፣ ግን ትንሽ ያጥራል። ወይም ጠባሳውን ከፍቶ ከገዛ ሴሉ ያሳደግኩትን ሥጋ መለጠፍ፤ ርዝመቱ አይነካም፣ መቆሙ ግን ሊደክም ይችላል። ጭራሽ የማይቆም ከሆነ ደግሞ ውስጡ ደጋፊ ዘንግ ማስገባት። ጓደኛዎን ይላኩት።»

«እሺ፣ እልከዋለሁ።»

አይ ሰው! ሃያ አራት ወር ሙሉ ማጣሪያ ቀየረ፤ ሃያ አራት ጊዜም «ጓደኛዬ ፈራ» አለ። ቤቱ ሲገባ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ሚስቱ አስካለ ስትነካው «ደክሞኛል» ይላታል። እየወደዳት፣ አንጀቱ እያረረ ይሸሻት ነበር።

ባለፈው ሰኞ አስካለ ሰውን ሳያረጅ አርባ ዓመት የሚያስተኛው የመርከቧ አልጋ ውስጥ ገብታ ረጅሙን እንቅልፍ ተኛች። የቀረው አንድ አልጋ ብቻ ነበር፤ አንዴ ከታሸገ በኋላ አርባ ዓመት ሳይሞላው ቢከፈት የተኛው ሰው ይሞታል። «ከማይፈልገኝ ሰው ጋር ከማረጅ ብተኛ ይሻለኛል» የሚል ወረቀት ትታለት ሄደች።

ምትኩ እየሮጠ ወጌሻው ዘንድ ገባ። «እኔ ነኝ! ምንም ጓደኛ የለም፤ እኔው ነኝ!»

«አውቃለሁ» አለ ወጌሻው። «እዚህ የሚገባን ሰው ሁሉ ወለሉ ይመረምረዋል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልከኝ?»

«ሰው የሸፈነውን መግለጥ ነውር ነው ብላችሁ ነው የሠራችሁኝ። ወይዘሮ አስካለም መጥተው ነበር። ‹ጎረቤቴን ባሏ ጠልቷታል፤ ምን ትሁን?› አሉኝ። ‹ጎረቤትዎን ይላኳት› አልኳቸው።»

ምትኩ ወለሉ ላይ ዘጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ቀዶ ሕክምናው በማግስቱ ተደረገለት። ተቃና። ለማን እንደሆነ እንጃ።

«ወይዘሮ አስካለ ሲነቁ ምን ልበላቸው?» አለ ወጌሻው መሣሪያውን እየሰበሰበ።

ያኔ ምትኩ በሕይወት ካለ ዘጠና አንድ ዓመቱ ነው። አፉን ከፈተ። እውነቱ ምላሱ ላይ ነበር፤ በክፍሉ ውስጥም ከማሽኑ በቀር የሚሰማው አልነበረም።

«አንድ ጓደኛዬ…» አለ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፤ «አንድ ጓደኛዬ በጣም ይወዳት ነበር። እንደዚያ በላት።»